ከመሸንቲ ወዲያና ወዲህ

ከመሸንቲ በአውቶቡስ ተሳፍረን ዳንግላ ገበያ ወረድን። ሰዎች በአገውኛ ሲጫወቱ እኛ አንሰማም። በርበሬ ሻጯን ዋጋ ብንጠይቃት ግን በአማርኛ መለሰችልን። እሷ ሁለት ቋንቋ ታውቃለች፤ እኛ አንድ። በለጠችን! ጠላ አብረን ጠጥተን ተመለስን።

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጣና ዳር ሄድን። እዚያ ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ይሠራሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ነገር ግን አያቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ከእነርሱ ጋር ከአንድ መሶብ አይቆርስም ነበር።

ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ ምሳ አቀረቡልን። እርስ በርሳችን ተያየን። እውነቱን እንናገር፣ ፈራን። ሽማግሌው አይተው ሳቁ።

«ዓሣ እኮ ነው፣ ልጆቼ። ብሉ!» አሉን።

እጃችንን ታጠብን።