ለማለቅ የተሠራች ዕቃ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። «ስለ ፕላስቲክ ደግሞ ምን ወሬ አለ?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ቁራጯ የምታገለግለው ብዙዎቻችን አይተነው በማናውቀው መኪና ሥር ነው። ከእርሷ የሚገኘው ትምህርት ግን ለገበሬውም፥ ለመካኒኩም፥ ለአስተማሪውም የሚበጅ ይመስለኛል።

የምጽፈው ከአሜሪካ፥ ከሚኒሶታ ሰሜናዊ ክፍል ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ በዚያ እንጀራውም፥ ቡናውም፥ ማኅበሩም አይታጣም። እኔ ግን ሥራ ያገኘሁት ከዚያ ወደ ሰሜን ብዙ ሰዓት ተነድቶ በሚደረስበት አነስተኛ ከተማ ነው። በዚሁ ከተማ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ብርዱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ በሰሜን ሚኒሶታ ታወር በምትባል ቦታ በ1996 (የዚህን አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ፌብሩዋሪ 2 ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር።

በቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም፥ ሐይቁ ረግቶ የሚሆነውንም በአንድ ስም «በረዶ» እንላለን። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለስላሳውንና ዱቄት መሰሉን «አመዳይ»፥ ጠጣሩንና መስተዋት መሰሉን «በረዶ» እላለሁ። አመዳዩ በሚከመርበት ወራት ሰው የሚጓጓዝበት አንድ መኪና አለ፤ ስሙ ስኖሞቢል ይባላል። እንደ ሞተር ብስክሌት ይቀመጡበታል። ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻዎች አሉት፤ ከኋላ በመንኮራኩር ፈንታ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ተሠርቶለታል።

ይህን መኪና ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመዝናኛነቱ ነው። በሚኒሶታ ብቻ ለስኖሞቢል የሚጠረግ ከ20 ሺህ ማይል በላይ መንገድ አለ። አነሣሡ ግን ከጨዋታ አልነበረም። በካናዳ፥ በኬቤክ ክፍል ቫልኩር በምትባል ከተማ ጆዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ የሚባል ባለ ጋራዥ ነበር። በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ታመመበት፤ መንገዱ በአመዳይ ተዘግቶ ስለ ነበር ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ሳይችል ልጁ ሞተ። ቦምባርዲዬ ከዚያ በፊትም በአመዳይ ላይ የሚሄድ መኪና ለመሥራት ይሞክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን የሙጥኝ ብሎ ያዘው። በ1937 ብዙ ሰው የሚጭነውን ባለ ሰንሰለት መኪና ለገበያ አወጣ፤ በ1959 ደግሞ ስኪዱ የተባለውን ትንሹን መኪና ሠራ። በእኛም በኩል በሚኒሶታ፥ ሮዞ በምትባል የድንበር ከተማ በ1950ዎቹ አጋማሽ ጥቂት ሰዎች በወርክሾፕ ውስጥ የራሳቸውን ሠርተዋል። የዛሬው ፖላሪስ ኩባንያ የተነሣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ቁራጯ ፕላስቲክ ልመለስ። በጎማው ሰንሰለት ውስጥ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ ሁለት የአሉሚኒየም ሐዲዶች አሉ። በየሐዲዱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ረጅም የፕላስቲክ ጫማ ይገባል፤ ይህችን ጫማ ስላይደር ይሏታል። በሰንሰለቱ የውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ በተርታ የተደረደሩ የብረት ክሊፖች አሉ። ስላይደሯ የምትንሸራተተው በእነዚህ ክሊፖች ላይ ነው።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። መኪናው ሲሄድ መሬት የነካው የሰንሰለቱ ክፍል አመዳዩን ነክሶ ይቆማል፤ የሚሄደው ሐዲዱ ነው። ከፊቱ ምንጣፍ እያነጠፈ፥ ከኋላው እየጠቀለለ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ስላይደሯም በቆሙት ክሊፖች ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትፋተጋለች።

ለዚህ ሁሉ ፍትጊያ ዘይት አይደረግላትም። ግራሶዋም ማቀዝቀዣዋም ሰንሰለቱ እየበተነ የሚያለብሳት አመዳይ ነው። አመዳይ ሳለ ብዙ ታገለግላለች። በባዶ በረዶ ወይም በአስፋልት ላይ ሲሄዱባት ግን ትግላለች፤ የተሠራችበት ፖሊኤቲሊን 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥ ፈጥና ታልቃለች። ለዚህ ሲባል በጠጣር መንገድ የሚሄዱ ሰዎች በረዶውን እየጫረ ብናኙን ወደ ውስጥ የሚረጭ የብረት ጅራት ያስገጥማሉ። ይህ የፖሊኤቲሊን ዘር የዋዛ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ከ1962 ጀምሮ የዳሌ መጋጠሚያቸው ለተበላሸባቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ ሲያስገባ የተጠቀመው በዚሁ ዘር ነው።

እኔ ያገለገለ ስኖሞቢል ከአንድ ጎረቤቴ ገዝቼ ነበር። በጃንዩወሪ ወር አመዳይ ባነሰበት ሰሞን ሐይቁን ስሻገር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በማግሥቱ ስለ ሰበቃ ሳስተምር ይህን ሽታ ለምሳሌ አነሣሁት። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፥ በዓመቱ ውስጥ እጁን አንሥቶ የማያውቅ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። የፈተና ወረቀቱን ባዶ እየመለሰ ያስቸግረኝ ነበር፤ ትምህርቱን ሊተው እንዳሰበም ሰምቼ ነበር።

«መምህር፥ ስላይደሩ አልቋል። ክሊፑ ሐዲዱን መብላት ሳይጀምር ይለወጥ» አለኝ።

ጋራዥ ጠየቅሁ፤ ተራው ሦስት ሳምንት ነው ተባልሁ። ልጁ ይህን ሲሰማ «ከቤት የሚሠራ ነው፤ ከግማሽ ቀን አያልፍም» አለ። ቅዳሜ ዕለት ከአባቱ ጋር ወደ ቤቴ መጡ። አባትዮው የእርሻ ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከበርሜል ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ፥ ሥራውን ለልጃቸው ተዉለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የመኪናውን ኋላ በክሪክ አንሥቶ፥ እንዳይወድቅ በጠንካራ ማቆሚያ ማስደገፍ ነው። ቀጥሎ የኋለኛውን አክስል ብሎኖችና የሰንሰለቱን መወጠሪያ ማላላት ይገባል። ስላይደሯ ከሐዲዱ ጋር የምትያያዘው በፊት ጫፍ ባለች ትንሽ ብሎን ነው፤ እርሷ ትፈታለች። የጎማው ሰንሰለት በየመካከሉ መስኮት መሰል ቀዳዳ ስላለው፥ በእጅ እያዞሩ ቀዳዳውን ከስላይደሯ ጫፍ ጋር ማገናኘት ነው። ከዚያ ቁራጭ እንጨት ደግፎ በመዶሻ ወደ ኋላ መምታት ነው። በሰበቃ የጋለ ፕላስቲክ ሐዲዱን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው።

አሮጌዋ ስትወጣ ልጁ ሐዲዱን በጣቱ ዳሰሰ። ሸካራ ያገኘበትን በሞረድ አለሰለሰና በጨርቅ ጠረገው። አዲሲቱን በሳሙና ውኃ አርሶ፥ በኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ አስገብቶ፥ እየመታ ወደ ፊት አስኬዳት። ከፊት ጫፍ ስትደርስ ብሎኗን አሰረ። አንደኛይቱ ብታልቅም ባታልቅም ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ አለዚያ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በመጨረሻ ሰንሰለቱን የፋብሪካው መጽሐፍ በሚያዘው መጠን ወጠረው። ሞተሩን አስነሥቶ ኋላው በአየር ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ሲዞር፥ ሰንሰለቱ ከግራና ከቀኝ እኩል መሆኑን ተመለከተ። እኔን ግን «ከኋላ አይቁሙ፤ የተፈናጠረ ነገር ይመታዎታል» ብሎ ወደ ጎን አቆመኝ።

ሲጨርስ የወጡትን ሁለት አሮጌ ስላይደሮች ጎን ለጎን አጋደማቸው። ውፍረታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ሐዲዱ ወደ ላይ ከሚታጠፍበት ላይ ስስ ሆነው፥ ከሌላው ስፍራ ወፍራም ነበሩ። «ለምን ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰንሰለቱ ሲታጠፍ በዚያ ስፍራ አብልጦ እንደሚጫን፥ ከመጠን በላይ ሲወጠርም ሰበቃው እንደሚብስ በራሱ አነጋገር ዘርዝሮ ነገረኝ። በወረቀት ላይ ስለ ኀይልና ስለ ሰበቃ የጠየቅሁትን ሁሉ መለሰልኝ ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት አሮጌዎቹን ስላይደሮች ክፍል ወሰድሁና ልጁን ከሰሌዳው ፊት አቆምሁት። በመጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ስላይደሯን በእጁ ሲይዝ ግን ተረጋጋ። ለሃያ ደቂቃ ያህል አስረዳ፤ ጓደኞቹም ጠየቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን ወረቀቱን ባዶ አልመለሰም፥ ትምህርቱንም አልተወም። ዘንድሮ ሲጨርስ የቴክኒክ ኮሌጅ ለመግባት ቅጽ ሞልቷል።

ይህን ለእናቴ በስልክ ባወራላት ከደብረ ማርቆስ የመጣልኝ መልስ ሌላ ነበር። «ልጄ፥ ያን ሁሉ የተማርኸው ግራሶ ለመንካት ነው እንዴ?» አለችኝ። እናቴን አልወቅሳትም። ከእርሷ ጋር የሚሟገተው እርሷ ራሷ የነገረችኝ የአያቴ ታሪክ ነው።

አያቴ ገበሬ ነበሩ። ማረሻቸው በዶለዶመ ቁጥር ወደ መንደሩ ባለ እጅ ይሄዱ ነበር፤ እርሱም በፍም አግሎ፥ ቀጥቅጦ፥ አሹሎ ይመልስላቸዋል። ማረሻ የሚያልቀው ሞፈሩና በሬዎቹ እንዳይደክሙ ነው። አያቴም «ማረሻው የማያልቅ ገበሬ አላረሰም» ይሉ ነበር አሉ። ያ ባለ እጅ ባይኖር መንደሩ በሰኔ መሬቱን አያርስም፤ በድግስ ቀን ግን ያው ባለ እጅ ከሰው ተነጥሎ ይቀመጥ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ አልጠፋም። የተማርነውም ሰዎች «መካኒክ ሆኖ ቀረ» ስንል ያንኑ ስድብ በጨዋ ቋንቋ መድገማችን ነው።

ቫልኩር ከተማ ጋራዥ የከፈተው ቦምባርዲዬም «መካኒክ ሆኖ የቀረ» ሰው ነበር። ልጁን ያጣበትን ክረምት ለሌላው አባት ለማቅለል የሞከረው በዚያው ግራሶ በነካው እጁ ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ በየቤታችሁ ስኖሞቢል ባይኖርም ለማለቅ የተሠራች ዕቃ አትጠፋም። የመኪናችሁ የፍሬን ሸራ፥ የቧንቧችሁ ጎሚኒ፥ የወፍጮው ቀበቶ ሁሉ የእርሷ ወገን ናቸው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ በጊዜው ካልተለወጠች ግን የምታስበላው ትልቁን ዕቃ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ተመልከቱ። ልጃችሁም እጁ ጠቁሮ ወደ ቤት ቢገባ፥ «ታጠብ» ከማለታችሁ በፊት ምን ሲሠራ እንደ ዋለ ጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው አድምጡት።