ለቅልቅልሽ ማታ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለሰርጉ ቀን ባለሙያ ቀጥረሽ፣ ለቅልቅሉ ማታ ግን ዓይንሽን ራስሽ ስሞኪ ሜካፕ እንደምትሠሪ ስትነግሪኝ ልቤ ሞላ። እዚህ ዱባይ ሳሎን የሚመጡት ሴቶች አብዝተው የሚያሠሩኝ ይህንኑ ነው። የሰው ዓይን ስኩል የአንቺን እየተመኘሁ ነው የምውለው።

ስሚኝ የኔ ቆንጆ፤ የስሞኪ ውበቱ ጠርዙ ላይ ነው። ሽፋሽፍትሽ ሥር ድቅድቅ ብሎ ይጀምርና፣ ጭስ ከእሳቱ ሲርቅ እየሳሳ እንደሚሄደው፣ ወደ ቅንድብሽ ሲወጣ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ማለቅ አለበት። ጥቁሩን መቀባት ቀላል ነው፤ ትዕግሥት የሚፈልገው ማሳሳቱ ነው።

ስለዚህ በጥቁር አትጀምሪ። ፋውንዴሽኑንም ከዓይንሽ በኋላ አድርጊው፤ ከላይ የሚረግፈውን ዱቄት ያን ጊዜ ጠርገሽ ትገላገያለሽ። የዓይንሽን ቆብ ስስ ኮንሲለር ቀቢና በፓውደር አድርቂው። ከዚያ ከቆዳሽ ጥቂት ጠቆር ያለ፣ ሞቅ ያለ ቡናማ አይሻዶ በለስላሳ ብራሽ ይዘሽ፣ ዓይንሽን እንደገለጥሽ እጥፋቱ ላይና ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ ብለሽ ወዲያ ወዲህ አመላልሺው። ጥቁሩን ከቆዳሽ ጋር የሚያስታርቀው ይህ ቡናማ ነው። ቀጥለሽ ሽፋሽፍትሽ ሥር በጥቁር ፔንስል አስምሪና ሳይደርቅ ቶሎ በትንሽ ብራሽ አደብዝዢው። ውኃ የማያስለቅቀው ዓይነት ከሆነ አንዱን ዓይን ሳትጨርሺ ሌላውን አትንኪ፤ አንዴ ከደረቀ አይንቀሳቀስም። በላዩ ላይ ጥቁሩን አይሻዶ ጫን ጫን እያደረግሽ አስቀምጪ፤ ከጠረግሽው ይረግፋል። አሁን ቀለም ያልነካው ንጹሕ ብራሽ አንሺና ጠርዙን ብቻ አሳሺ። በቃኝ ስትዪ ደግሞ ጥቂት አሳሺው። ከዓይንሽ በታች ቡናማው ይበቃሻል፤ ጥቁሩን ብዙ ካወረድሽው ያልተኛሽ ያስመስልሻል።

ነጣ ያለ ግራጫ ይቅርብሽ፤ ጠይም ፊታችን ላይ አመዳም ይሆናል። የቆቡን መሐል ማብራት ካማረሽ መዳብማ ቀለም በጣትሽ ጫፍ ንኪበት። ከንፈርሽ ረጋ ይበል።

ጊዜ ካለሽ የተዋናይቷን የቴዳ ባራን ፎቶዎች ፈልገሽ እይ። እ.ኤ.አ. በ1917 «ክሊዮፓትራ» ላይ ስትሠራ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ ዓይኗ ነበር የሚናገረው። ፊልሙ ከጥቂት ቅንጭብ በቀር ጠፍቷል፣ ያ በጥቁር የተከበበ ዓይን ግን በፎቶዎቹ ላይ እስከ ዛሬ ያስደነግጣል።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። የአያታችንን የኩል ብልቃጥ ለዚያ ማታ አውጥተሽ ልትኳዪበት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። እባክሽ ዱቄቱን ዓይንሽ ውስጥ አታግቢ። የጥንት ግብፃውያን የሚኳሉት ጥቁር ከጋሌና፣ ማለትም ከሊድ (የእርሳስ ብረት) ማዕድን የተፈጨ ነበር፤ ዛሬም በየአገሩ ገበያ ከሚሸጠው ኩል ውስጥ ሊድ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን ኩል ለመዋቢያነት የማይፈቅደው ለዚህ ነው። ሊድ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ ሴት ስታረግዝ ወደ ደሟ ወጥቶ ለፅንሱ ይተርፋል። አንቺ ደግሞ ልጅ ቶሎ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አያታችን ብትኖር ከልጅሽ የምታስበልጠው ኩል አይኖራትም ነበር። ብልቃጡንና መኳያውን ከነክብራቸው መስታወትሽ ፊት አስቀምጫቸው፤ ዓይንሽን ግን ይዘቱ በተጻፈበት፣ ባልተከፈተ ፔንስል ኳዪ። ለሚዜዎችሽም አታውሺ፤ የዓይን በሽታ በዚህ ይተላለፋል።

ማታ ስትመለሺ ደክሞሽም ቢሆን ሳታስለቅቂው አትተኚ። ማስለቀቂያውን በጥጥ አድርገሽ ዓይንሽ ላይ ጥቂት ያዢው፣ ራሱ ይለቃል፤ አትሺው።

ከቀኑ በፊት አንድ ማታ ሞክሪውና አንዱን ዓይን ገልጠሽ፣ አንዱን ጨፍነሽ ፎቶ አንሺ። ጠርዙን አይቼ የሚቀረውን እነግርሻለሁ። በሥራ ሰዓትም ቢሆን ላኪልኝ፤ ስልኬን እጠብቃለሁ።

ሁሌም የምትወድሽ እህትሽ