ስም የሌላቸው እናቶች

ከመቶ ዓመት በፊት በፍልስጤም ገጠር የተነሱ ጥንድ ፎቶዎችን ስናይ ሰነበትን። ሁለት ምስል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ዓይን ቦታ ሆኖ የተነሳ፣ አንድ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተለጥፏል። በልዩ መነጽር ሲታዩ አንድ ይሆናሉ፤ ሱብሓነላህ፣ የአውድማው ገለባ የሚዘገን ይመስላል! ከአንሺዎቹ አንዱ ኢየሩሳሌም የነበረው የአሜሪካን ኮሎኒ ፎቶ ክፍል ነው።

የከነከነን ከሥር ያለው ጽሑፍ ነው። ሁለት እናቶች ተቀምጠው ይፈጫሉ (ወፍጯቸው እንደኛ አገሩ የሚገፋ ሳይሆን ክብ ሆኖ የሚሽከረከር ነው)። ጽሑፉ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ያነሳል፤ የእነሱን ስም አይናገርም። ለውጭ ገዢ የተሸጡት የጥንት ዘመን ማሳያ ተደርገው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ከ400 በላይ የፍልስጤም መንደሮች ነዋሪ አልባ ሆኑ። እናም አሁን ካርዱን ስናነሳ መጀመሪያ የምንፈልገው የመንደሩን ስም ነው፤ አንዳንዱ ላይ እሱም የለም።