ቡናው የሚደርስበት፣ ገበሬው የማይደርስበት የባሕር ዳርቻ

ከይርጋጨፌ የተነሳ ጆንያ ቡና ጣሊያን ለመግባት ቃለ መጠይቅ የለበትም። ታጥቦና ደርቆ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ይበጠራል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ በጂቡቲ በኩል መርከብ ላይ ይጫናል። «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የባንክ ወረቀት አምጣም አይባልም። ቡናውን የለቀመው ሰው ግን በዚያው መንገድ ልሂድ ቢል ነገሩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ማመልከቻው በአካል ነው የሚገባው፤ አሻራም አለ። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ይከተላል። በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። ምክንያቱ «ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የቀሩ ዜጎቿን ለመመለስ በበቂ አልተባበረችም» የሚል ነው። 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። መንግሥታት ሲኳረፉ ዕዳውን የሚከፍለው ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ነው። ጣሊያናዊው በበኩሉ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ የኢትዮጵያን ቪዛ በኢንተርኔት ያወጣል።

እንበልና አንድ የዲላ ሰው ይህን ሁሉ አልፎ ቪዛው ተመታለት። ከአዲስ አበባ ሮም በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዲላ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ብዙም አይራራቅም።

ሮም ውስጥ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲወጣ የሚቀበለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ቱሪስት ይህን አያውቅም፤ ብዙ ሮማዊም የሚያስታውሰው አይመስልም። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ የአክሱም ሐውልት ለዓመታት የቆመበት ቦታ አለ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። በቀረው የከተማው ክፍል መንገደኛው ቋንቋ ያን ያህል አይቸግረውም። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ፉርኖ፣ ጎሚስታ፣ ፖስታ ሁሉም የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ማኪያቶ ሲያዝ ግን ይደነግጣል፤ የሚመጣለት የዲላው ወተት የበዛበት ብርጭቆ ሳይሆን አንድ ጉንጭ የማይሞላ ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ ጠብ ያለ ወተት ነው።

ቬኒስን ቶሎ ማለፍ ይሻላል። ከተማዋ ራሷ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል ጀምራለች፤ ሰው በዝቶባታል። ከእሷ ወደ ምሥራቅ፣ ከስሎቬኒያ ድንበር አጠገብ ያለችው ትሪየስቴ ግን ለዲላ ሰው የግድ ነች። ከ1719 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ወደብ የነበረች፣ ቡና ወደ መካከለኛው አውሮፓ ሲገባባት የኖረች ከተማ ነች። በቡና ጉዳይ የራሷ ቋንቋ አላት። ሌላው ጣሊያን «ኤስፕሬሶ» የሚለውን እዚያ «ኔሮ» ይሉታል፤ ማኪያቶው ደግሞ «ካፖ» ነው። የባሕር ዳርቻዋም የራሷ ነው። ወንዱንና ሴቱን የሚለይ ግንብ በመካከሉ የተሠራለት አሮጌ መዋኛ አላት፤ ሕዝቡ እስካሁን ይወደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ አለ። ለአንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ 7 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ይበቃል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 140 ሲኒ ያህል ይወጣል። ጣሊያን ውስጥ ቆሞ የሚጠጣ አንድ ሲኒ 1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ገደማ ቢሆን፣ ያ ኪሎ ከ160 ዩሮ በላይ ሸጠ ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። የኮቸሬና የገደብ ገበሬ ስድስት ኪሎ እሸት ዘንድሮ በስንት እንደሸጠ ራሱ ያውቃል፤ ቀሪውን ያስላው። እርግጥ ኪራዩ፣ ግብሩ፣ የባሬስታው ደሞዝ፣ ቆይው፣ መርከቡ ሁሉ ከዚያ ውስጥ ነው የሚከፈለው፤ ሁሉም ትርፍ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። ቢሆንም ልዩነቱ ልዩነት ነው።

ለዲላ ሰው የውሃ ዳር መዝናኛ ከተባለ ሐዋሳ ነው፤ ፍቅር ሐይቅ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጀልባ። የጣሊያን ባሕር ዳርቻ ሲታይ የመጀመሪያው ግርምት ጃንጥላው ነው። በሕጉ ዳርቻው የመንግሥት ነው፤ ብዙ አሸዋ ግን በኮንሴሽን ለነጋዴ ተሰጥቷል። ጃንጥላና አልጋ እንደ ወታደር ተሰልፈው ይታያሉ፣ ለቀን ይከራያሉ። ገንዘብ የሌለው ጥግ ላይ ወደቀረችው ነጻ አሸዋ ይሄዳል። ይህ ለጣሊያኖች ራሳቸው የፖለቲካ ጭቅጭቅ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል።

መንገደኛው ከዚህ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ መምረጥ ቢኖርበት፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል በሊጉሪያ ባሕር ላይ የተንጠለጠሉትን አምስት መንደሮች ይምረጥ። ቺንኩዌ ቴሬ ይባላሉ፤ «አምስቱ መሬቶች» ማለት ነው። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ፣ ሪዮማጆሬ። ደህና አሸዋ ያለው በሞንቴሮሶ ነው፤ በሌሎቹ ሰው የሚዋኘው ከድንጋይ ላይ እየዘለለ ነው። የአምስቱ ነዋሪ ተደምሮ ከአምስት ሺህ በታች ሲሆን በዓመት የሚመጣው ጎብኚ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል።

ተራራው ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ለእርሻ የሚሆን ሜዳ የለም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ተዳፋቱን እየቆረጠ፣ ድንጋይ ያለ ምንም ማጣበቂያ እየደረደረ እርከን ሠራ፤ ወይንና ወይራም ተከለ። የግንቡ ርዝመት ተደምሮ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ኮንሶን ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ዩኔስኮ ቦታውን በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው «ባህላዊ መልክዓ ምድር» ብሎ ነው። ተፈጥሮ ብቻ ወይም ሕንጻ ብቻ ስላልሆነ፣ ሰው ሲያርሰው የተሠራ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው።

ችግሩ ምዝገባው ሲመጣ አራሹ እየሄደ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ ደሞዝ ፍለጋ ወደ ላ ስፔዚያ ወደብና ፋብሪካ ወረደ። ቱሪስቱ ሲበዛ ደግሞ አንድ ክፍል ማከራየት፣ ወይን በጀርባ ተሸክሞ ገደል ከመውረድ የተሻለ አስገኘ። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ነገር ግን ያለ ማጣበቂያ የተደረደረ ግንብ በየዓመቱ የሚጠግነው እጅ ይፈልጋል። አንድ ድንጋይ ሲወድቅ ካልተመለሰ ቀጥሎ ያለው ይከተላል፣ ውሃው መንገድ ያገኛል። አብዛኛው እርከን ጦም አደረ።

ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ ዝናብ ወረደ። ከተራራው የመጣው ጭቃና ድንጋይ የቬርናጻንና የሞንቴሮሶን መንገዶች ሞላቸው፤ ሱቆች ተቀበሩ፣ መኪኖች ወደ ባሕር ተገፉ፣ ሰዎች ሞቱ። ዝናቡ ራሱ ያልተለመደ ነበር። የተተዉት እርከኖች ጉዳቱን እንዳባባሱት ግን ከዚያ በኋላ በሰፊው ተነግሯል። በዓመቱ ሪዮማጆሬንና ማናሮላን በሚያገናኘው ዝነኛ የእግር መንገድ ላይ ድንጋይ ተንዶ ጎብኚዎችን ጎዳ፤ መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ጎብኚው በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ለመሄድ ካርድ ይገዛል፣ ግንብ መልሶ መደርደር የሚማሩ ሰዎች አሉ፣ ጦም ያደረ መሬትም ለሚያርስ ይፈለግለታል። ዘግይቶም ቢሆን ገብቷቸዋል፤ ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው ያንን ወይን ነው።

የዲላው ሰው ሞንቴሮሶ አሸዋ ላይ ሆኖ ወደ ተራራው ቀና ቢል አገሩ ትዝ ሊለው ይገባል። ምክንያቱም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተካሄደው የዓለም ቅርስ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር የመዘገበው በዚያው ስያሜ ነው፤ ያውም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተመዘገበበት ጉባኤ።

ጌዴኦም ተዳፋት ነው። ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። እዚህ መሬቱን የያዘው በአብዛኛው ዛፍ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ኮርቹ፤ ከሥሩ እንሰቱ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፤ ከዚያ በታች ጎደሬውና ጎመኑ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ጫካ ይለዋል፤ ውስጡ ሲገባ የሰው ጓሮ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ጥላው ቡናውን ቀስ ብሎ እንዲበስል ያደርገዋል፣ እንሰቱ ውሃ ይይዛል፣ የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመትም ቤተሰቡ ቆጮ ይበላል። በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከታመቀባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ይህን ያህል ዛፍ ይዞ መቆየቱ ነው ተመራማሪውን የሚያስደንቀው። ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ ዋገኒንገን ላይ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ርዕስ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር። የጥያቄ ምልክቷን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በሸንተረሮቹ ላይ ደግሞ ትክል ድንጋዮቹ አሉ። ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው፣ ጨልባ ቱቲቲ ላይ ረጃጅሞቹ። አጥር ያለው ሙዚየም ውስጥ ሳይሆን ቡናና እንሰት መሃል ቆመው ይገኛሉ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቋቸዋል፤ የተከበሩ ደኖችም አሉ፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው። ይህን ሁሉ ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት መምጣት ይበቃል፤ ዲላ፣ ወናጎና ይርጋጨፌ መንገዱ ላይ ናቸው። አብዛኛው መንገደኛ ግን ቡና ጠጥቶ ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ አካባቢው በዓለም ዜና የታወቀው በዚያ ነበር፤ ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰላም መሆኑ አይገርምም።

ስለ ቱሪዝም ሲወራ ዲላ ላይ ወዲያው የሚነሳው ሎጅ ነው፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ የእንኳን ደህና መጡ ቅስት። ሎጅ ይሠራ፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሎጁ የሚሸጠውን እይታ የሚያመርተው ገበሬው ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ደግሞ ከአንድ ሄክታር በታች ነው ያለው። ያቺን መሬት ለልጆቹ ማካፈል አለበት። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል። ዋንዛን አባት ይተክለዋል፣ ልጅ ያሳድገዋል። ገበሬው ዋንዛውን ቆርጦ ጫት ቢተክል ማንም ሊወቅሰው አይችልም፣ የቬርናጻን ወጣት ማንም እንዳልወቀሰው። ዛፉ ሲነሳ ግን ተዳፋቱን የሚይዘው ምን እንደሆነ ማሰብ ግድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚያው ክልል ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል። የጎፋው መንስኤ የራሱ ነው፤ ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ግን ያን ዜና እንደ ሩቅ ወሬ አይሰማም።

አውሮፓም በራሷ መንገድ ስለዚህ ዛፍ ትጠይቃለች። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ ለማስረጃም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ ይቅረብ ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ከአንድ ሄክታር በታች ያለው ገበሬ በበዛበት አገር አንድ ኮንቴይነር ቡና ማለት የስንት ጓሮ ልኬት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዛፉን ለትውልድ ያቆየው ሰው፣ ዛፍ አለመቁረጡን ለማስረዳት ወጪ ሊያወጣ ነው። ለማቆየቱ ግን እስካሁን የከፈለው የለም።

መክፈያ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ስታርባክስን ከሚያህል ኩባንያ ጋር ተፋጣ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች፤ ስም ዋጋ እንዳለው ያኔ ታይቷል። አሁን በስሙ ላይ የዓለም ቅርስነት ተጨምሯል። ያ ቃል በቡናው ከረጢት ላይ ተጽፎ የሚያመጣው ተጨማሪ ሳንቲም በዩኒየኑ በኩል ዋንዛውን ላቆየው ጓሮ ተለይቶ ሊደርስ ይችላል። ቱቱ ፈላን ለማየት የሚከፈለው የመግቢያ ገንዘብም ድንጋዩ ማሳው ውስጥ ለቆመበት ቤተሰብ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ስንት ይሁን፣ በማን እጅ ይለፍ የሚለውን ዞኑ፣ ዩኒየኑና የባሌ ሥርዓቱ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚችሉት ነው፤ ሎጁ ከመሠራቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ አጣና ደግሞ ገዢ አያጣም። በመጪው ክረምት አንድ የቡሌ ገበሬ ሁለት ችግኝ ይዞ ጓሮው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ዩኔስኮን ሰምቶ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። መስከረም ላይ የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት እንዳለበት ግን ያውቃል።