ዓለም፣ ትዳር፣ ወሬ

ቫራናሲ ሰው ለመሞት የሚሄድባት የህንድ ከተማ ናት። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት በሽተኛና ዕድሜ የተጫነው ሽማግሌ ከልጆቹ ጋር በባቡር ይመጣና ለዚሁ በተዘጋጀ ማረፊያ ክፍል ይዞ ቀኑን ይጠብቃል። በካሺ የሞተ ዳግም አይወለድም ተብሎ ይታመናል፤ ካሺ የከተማዋ ነባር ስም ነው። መወለድ፣ መሞት፣ እንደገና መወለድ፤ ይህ ማብቂያ የሌለው ዙረት በሳንስክሪት «ሳምሳራ» ይባላል። ቃሉ ካታ ኡፓኒሻድ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ቡድሂስቱም ጃይኑም ይጋራዋል። ከሱ ነፃ መውጣት ደግሞ «ሞክሻ» ነው።

ማኒካርኒካ ወደሚባለው የጋንጅስ ወንዝ ዳር ደረጃ የወረድኩት በማለዳ ነበር። ሬሳ የሚቃጠልበት እሳት ሌትም ቀንም ይነድዳል። የማገዶው ክምር ከቤቶቹ ፎቅ ይስተካከላል፤ እንጨቱ በትልቅ ሚዛን እየተመዘነ ይሸጣል፤ አቅም ያለው ሰንደል፣ የሌለው ተራ ግንድ ይገዛል። እሳቱን የሚሰጡት «ዶም» የሚባሉት ናቸው። በዘር ተዋረዱ ከሁሉ በታች የተደረጉ፣ ሌላው ሰው እንዳይነካቸው የሚሸሻቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ እጅ እሳት ሳይቀበል ግን በተዋረዱ ከሁሉ በላይ ያለው ብራህሚንም ቢሆን መንገድ አይጀምርም። ይህ እኔን እንጂ እዚያ የቆመውን ሰው የሚያስጨንቅ አይመስልም።

ራሱን የተላጨ፣ ነጭ የለበሰ አንድ ልጅ እግር የአባቱን ሬሳ ዞሮ ዞሮ ለኮሰው። ሙሾ የለም፤ ደረት መድቃት የለም፤ ሴቶች በልማዱ እዚህ አይወርዱም። ሁሉም ሲያልቅ ውሃ የያዘ ማሰሮ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወርውሮ ሰበረና ደረጃውን ወጣ። ዞሮ ማየት ክልክል ነው። እኔ ግን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ደረጃው አናት ላይ ሻይ ሻጩ ጋ ቆሞ ከዘመዶቹ ጋር ስለ እንጨቱ ሂሳብ ሲከራከር አየሁት።

ሳምሳራ በሂንዲ «ሰንሳር» ይሆናል፤ ትርጉሙም ዓለም ነው። በስብከትና በጋዜጣ ላይ ይበዛል፤ ባቡር ውስጥ ስለ ኑሮ የሚያማርረው ሰው «ዱኒያ» ነው የሚለው፣ ከዓረብኛ የመጣውን፣ እኛም የምናውቀውን። ይህን ዓለም የናቀ «ሳንያሲ» ይባላል። ሲመንን የራሱን የሙት ሥርዓት በሕይወቱ ይፈጽማል፤ ስለዚህ ሲሞት እንደሌላው አይቃጠልም፣ ወይ ይቀበራል ወይ ወንዝ ይገባል። የኛም መነኩሴ ሲመነኩስ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ለዓለም ሞቷልና። ይህን እንግሊዝኛ ለሚችል አንድ ሽማግሌ ሳንያሲ ብነግራቸው «ታዲያ ምን አዲስ ነገር ልታዪ መጣሽ?» አሉኝ።

አዲሱን ነገር ያገኘሁት ኮልካታ ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት በሳሪዋ ጫፍ የቁልፍ ዘለላ ቋጥራ በትከሻዋ ወደ ኋላ ትጥለዋለች፤ በኮሪደሩ ስታልፍ ሳትታይ ትሰማለች። የጓዳው፣ የቁም ሣጥኑ፣ የግቢው በር ቁልፍ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። አንድ ቀን በእንግሊዝኛዋ መሃል «ሾንግሻር አለሽ?» አለችኝ። ቤንጋሊዎች ሳምሳራን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ከቫራናሲ ለመጣ ሰው ግራ ያጋባል፤ ከሞትና ልደት አዙሪት ውስጥ ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አከራይ የት አለ? እሷ የጠየቀችኝ ግን ባል፣ ልጅ፣ ጎጆ አለሽ ወይ ነው። በቤንጋሊ «ሾንግሻር ማድረግ» ትዳር ይዞ ቤት ማስተዳደር ነው። እሷ አርባ ዓመት አድርጋዋለች፤ አማቷን እስከ መጨረሻው አስታማለች፣ ሁለት ሴት ልጆች ድራለች፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ዓሣ ሻጩን ሳትከራከር አታሳልፍም። መነኮሳቱ ከዚህ ውጡ እያሉ ነው፣ መውጣት አያምርሽም ወይ አልኳት። «ቁልፉን ማን ይይዘዋል?» አለችና ሳቀች።

የሳትያጂት ሬይን «ኦፑር ሾንግሻር» እንደገና ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ፊልሙ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የሦስቱ የአፑ ፊልሞች መደምደሚያ ሲሆን በውጭ አገር «የአፑ ዓለም» ተብሎ ይታወቃል። ዓለም ማለቱ ስህተት ባይሆንም ቤቱ ቀርቶበታል። ድሃውና ደራሲ መሆን የሚያምረው አፑ የጓደኛውን ዘመድ ሰርግ ሊያይ ይሄዳል፤ ሙሽራው አእምሮው የታወከ ሆኖ ሲገኝ ልጅቷ እንዳትዋረድ ራሱ ያገባታል። በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለችው የኪራይ ክፍሉ በአንድ መጋረጃና በአንዲት ሴት እጅ ቤት ስትሆን እናያለን። ሚስቱ አፓርና በወሊድ ትሞታለች። አፑ ልጁን ሳያይ ይሸሻል፣ የልብ ወለዱን ረቂቅ ከተራራ ላይ ይበትናል፣ እንደ መናኝ ይንከራተታል፤ መጨረሻ ላይ የማያውቀውን ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ይመለሳል። ዓለሙም ቤቱም በቤንጋሊ አንድ ስም አላቸው፤ ፊልሙም የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። ለኔ ሬይ ከብዙ ሰባኪ የበለጠ ቃሉ ገብቶታል።

ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ በ1855 እ.ኤ.አ. የተመረቀ፣ ራኒ ራሽሞኒ የተባለች ባለጸጋ መበለት ያሠራችው ነው። ራማክሪሽና እዚያ ካህን ነበር። ወደሱ ይመጡ የነበሩት ብዙዎቹ ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ ባለትዳሮች ነበሩ፤ ሥራና ልጅ ጥለው ጫካ መግባት አይችሉም ነበር። እሱም ለነሱ የሰጠው ምክር በባለጸጋ ቤት እንደምትሠራ ገረድ ኑሩ የሚል ነበር፤ የጌታዋን ልጅ ልጄ እያለች ታሳድጋለች፣ ልቧ ግን ያለው ገጠር በቀረው የራሷ ጎጆ ነው። ብልህ ምክር ነው። ብቻ ያቺ ገረድ ራሷ መጥታ ብትጠይቀው ምን ይላት ነበር እያልኩ ከግቢው ወጣሁ።

ቼናይን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በሆስፒታሎቿ ነው፤ እኔም የቆየሁት አንድ ታማሚ ዘመዴን ለመጠየቅ ያህል ብቻ ነው። በከተማዋ ቋንቋ በታሚል «ሰምሳረም» ቤተሰብ ነው፤ የድሮ ሰው ሚስቱንም እንዲሁ ይላታል። በ1986 እ.ኤ.አ. ቪሱ የሠራው ታዋቂ ፊልም ርዕሱ «ሰምሳረም አዱ ሚንሳረም» ነው፤ ቤተሰብ ማለት ኤሌክትሪክ ነው እንደማለት፣ በቤት መምቻ። አባትና የበኩር ልጅ በገንዘብ ተጣልተው ቤታቸውን በመስመር ለሁለት ይከፍሉታል። ከታረቁም በኋላ ምራቲቱ በፍቅር ተለያይተን እንኑር ብላ ትወስናለች።

ኬረላ ስደርስ ቃሉ ጭራሽ ሌላ ሆነ። በኮታያም አካባቢ በጎማ ዛፍ መሃል በተሠራ ቤት በጃንሆይ ዘመን ደሴ ሒሳብ ያስተማሩ አዛውንት አገኘሁ። ያኔ ከኬረላ ብዙ አስተማሪ አገራችን መጥቷል፤ እኒህም ከነባለቤታቸው ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ከተዋሕዶ ጋር አንድ እምነት ያላት። «ደኅና ነሽ ልጄ? ጦሳ ተራራ አለ?» ብለው ተቀበሉኝ። አለ አልኳቸው። የሙዝ ጥብስ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ፤ ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው በአገሩ ቋንቋ በማላያላም አንድ ነገር ተናገሩና «ሰምሳረም» የሚል ቃል ጆሮዬ ገባ። ምን አሉ ስላቸው «ወሬ ስላበዛህባት ሻይዋ ቀዘቀዘ ነው የምትለው» አሉ። በማላያላም ሰምሳረም ንግግር፣ ወግ፣ ጨዋታ ነው። ሂንዱውም እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲያ ይለዋል፤ ዳግም ልደት ትዝ የሚለው የለም።

ልጆቻቸው አንዱ ሙስካት፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። ግማሽ ሰፈሩ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የተሠሩት ቤቶች አዲስ፣ የሚኖሩባቸው ሰዎች አሮጌ። ማታ ማታ ስልክ ይደወላል፤ የበላችሁት፣ የዘነበው፣ የጎማው ዋጋ፣ የልጁ ፈተና ይወራል። ከቤተሰቡ በቤቱ ውስጥ የቀረው ይህ ወሬ ነው። የኛም ልጆች እዚያው እንዳሉ ብነግራቸው «እነሱም በየማታው ይደውላሉ?» አሉኝ። ካርድ ሲኖራቸው አልኩ፤ አሠሪያቸው ስልክ ከፈቀደችላቸውም።

ካላዲን ሳታዪ እንዳትሄጂ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። በፔሪያር ወንዝ ዳር ያለች፣ ከኮቺ አየር ማረፊያ የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ሳምሳራን ውቅያኖስ እያለ ከሱ መሻገሪያውን ያስተማረው አዲ ሻንካራ የተወለደው እዚያ ነው፤ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ ይነገራል። አባቱ ቀድሞ ሞቶ ለእናቱ ለአርያምባ የቀረ አንድ ልጅ ነበርና ልመንኩስ ቢላት እምቢ አለች። እንግዲህ ወንዝ ሲታጠብ አዞ እግሩን ያዘው ይላሉ፤ ስሞት እንኳ መነኩሴ ልሁን ፍቀጂልኝ ብሎ ጮኸ፤ ፈቀደች፤ አዞው ለቀቀው። አልቅሳ ስትሸኘው በሞትሽ ጊዜ መጥቼ አቃጥልሻለሁ ሲል ማለላት። ሳንያሲ ይህን ማድረግ አይፈቀድለትም፤ ለሱ እናት የሚባል ነገር የለም። ስትሞት ግን መጣ። ዘመዶቹ አናግዝህም ቢሉት የሙዝ ግንድ ቆርጦ ለብቻው በግቢዋ አቃጠላት።

አዞው ያዘው በተባለበት መታጠቢያ የትምህርት ቤት ልጆች ከበው አስጎብኚውን ይሰማሉ። አዞው ላይ ብዙ ቆየ፤ ልጆቹም የፈለጉት እሱን ነው። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አውጥታ ጠየቀች፣ አስተማሪዋ ተቆጣቻት፣ ሌሎቹ ሳቁ። ምን አለች ብዬ አስጎብኚውን ያዝኩት። «አዞው ከለቀቀው በኋላ እናትየዋ ፈቃዷን ለምን መልሳ አልወሰደችም ነው የምትለው» አለኝ። እሱም መልሱን አያውቀው ኖሮ ወደ አስተማሪዋ ዞረ፣ አስተማሪዋ ወደ ሾፌሩ፤ ሾፌሩ የራሱ አስተያየት ነበረውና አውቶቡሱ ግማሽ ሰዓት ዘገየ።