ከዱሰልዶርፍ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

የምጽፍልህ ከዱሰልዶርፍ ነው። ትናንት የቦሩስያ ዱሰልዶርፍን የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ ለማየት አዳራሹ ገብቼ ፊት ለፊት ቦታ አገኘሁ። አንተ ብታየው ብዬ ተመኘሁ። ተጫዋቹ ሰርቭ ከመምታቱ በፊት የመዳፉን ላብ መረቡ ሥር፣ ኳስ እምብዛም በማያርፍበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ያብሳል። የራኬቱን ጎማ እፍ ብሎ ይወለውላል። በየ6 ነጥቡ ፎጣውን ያነሳል።

ታዋቂው ተጫዋች ቲሞ ቦል ከ2007 እስከ 2025 የተጫወተው ለዚህ ክለብ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። «26 ሞላኝ፣ ከእንግዲህ አለፈብኝ» ያልከኝ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ የእሱን ነገር ልንገርህ። እንዳንተ ግራኝ ነው። በ4 ዓመቱ ራኬት ያስያዘው አባቱ ነው። ልጅ ሳለ የወሰደው የጎነርን ክለብ፣ ከቤቱ እንዳይርቅ ብሎ የልምምድ ቦታውን ወደ እሱ መንደር አቅራቢያ አዛወረለት። ቦልም በ2003 የዓለም 1ኛ ሆነ።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ያኔ ተጫዋቾች ከግጥሚያ በፊት ጎማውን በማስቲሽ አዲስ ይለጥፉ ነበር፤ ኳሱ እንዲፈጥንና እንዲሽከረከር ያደርጋል። በ2008 ያ ማስቲሽ ለጤና ጎጂ ነው ተብሎ ታገደ። በ2014 ደግሞ የሴሉሎይዱ ኳስ በፕላስቲክ መተካት ጀመረ፤ ሽክርክሪቱም ቀነሰ። የቦል ትልቁ ኃይሉ ሽክርክሪት ነበር! ሌላው ቢሆን በዚህ ያበቃለት ነበር። እሱ ግን አመታቱን ደጋግሞ አስተካከለ፤ በመጋቢት 2018፣ 37 ዓመት ሲሞላው፣ እንደገና የዓለም 1ኛ ሆነ። በዚያ ዕድሜ እዚያ የደረሰ ወንድ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ40 ዓመቱም በ2021 የሂውስተን የዓለም ሻምፒዮና በነጠላ ነሐስ ወሰደ።

በኦሊምፒክ በቡድን 4 ሜዳሊያ ሲያገኝ በነጠላ አንድም አላገኘም። ይህ እኔንም ይቆጨኛል። ይበልጥ የምወድለት ግን የ2005ቱን የሻንጋይ የዓለም ሻምፒዮና ነው። ከቻይናዊው ሊዩ ጉዎዠንግ ጋር ሲጫወት በመጨረሻው ጌም ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቶት ሳለ፣ የሊዩ ኳስ ወጣ ተብሎ ነጥቡ ለእሱ ተሰጠ። «ጠርዙን ነክቷል» ብሎ ራሱ ለዳኛው ተናገረ። ጨዋታው ቀጠለ፣ ተሸነፈም። አዳራሹ የቻይና ነበር፤ ቻይናውያን ግን እስከ ዛሬ እንደ ራሳቸው ልጅ ያዩታል።

ስለዚህ አሁን አታቁም፤ እኔ አልስማማም። በሚመጣው ወር አገር ቤት የሚገባ ሰው አለ። የራኬትህ ጎማ ውፍረቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ከኳሶች ጋር አድርጌ እልክልሃለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ