አንጋፋው የምትል ቃል

መቼም በዚህ አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን አይጠራም። «አንጋፋው» ካልቀደመለት ራቁቱን አደባባይ የወጣ ይመስላል። ሬዲዮው አንጋፋው ይላል፣ የምርቃት መጽሔቱ አንጋፋው ይላል፣ ልጁን ያስመረቀ አባትም ድግሱ ላይ ብርጭቆ አንስቶ አንጋፋው ይላል። እኛም እንላለን። ጣጣው የመጣው ውክፔዲያ ላይ ያለውን የዚሁን ግቢ የአማርኛ ጽሑፍ ለአራት ሆነን እናስፋፋው ብለን የተነሳን ጊዜ ነው።

ለማያውቅ ወዳጃችን በአጭሩ፦ ውክፔዲያ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም የጻፈውን ማንም የሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የኛው አማርኛ 15 ሺህ አካባቢ። (ንጽጽሩ ያማል፤ እንለፈው።) ሕጉ ብዙ ነው፤ እኛን የከበዱን ግን ሁለቱ ናቸው። አታሞግስ፤ ከራስህ አታምጣ። የምትጽፈው ነገር ታትሞ የወጣ ምንጭ ይኑረው፣ ቅጽል ካበዛህ ይቆረጥብሃል።

እናም «አንጋፋው»ን አነሳናት። በማግስቱ አንድ ስሙን ያልገለጸ ወዳጅ መለሳት። አነሳናት። መለሳት፤ አሁን ደግሞ «ታላቁና» የምትል ጓደኛ ጨምሮላት! ውይይት ገጹ ላይ ስናናግረው «አንጋፋ ማለት በዕድሜ ታላቅ ማለት ነው፤ ዕድሜ ሐቅ እንጂ ሙገሳ አይደለም» ብሎ ተሟገተን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ» ብለን እንገላገል ስንለው «እሱ መታወቂያው ነው፤ አንጋፋው ግን ስሙ ነው» አለን። ሰውዬው ገጣሚ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዕድሜው ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ። በፈረንጅ 1950 የሚለው ሁሉም ቦታ አለ። በኛስ? አንዱ 1942 ይጽፋል፣ ሌላው 1943። ሁለቱም መቀነስ ያውቃሉ፤ አንዱ ስምንት ቀነሰ፣ አንዱ ሰባት። የፈረንጆቹ 1950 እስከ መስከረም መባቻ ድረስ የኛ 1942 ነው፣ ከዚያ ወዲህ 1943። ስለዚህ ወር ያልተጠቀሰበት «በ1950 ተመሠረተ» የሚል ዓረፍተ ነገር አማርኛ ላይ ሲደርስ ያነክሳል። ወሩን ማደን ያዝን። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ትምህርት የተጀመረው በታኅሣሥ ስለሆነ 1943 ረታ። (ያኔ ደግሞ ግቢው ስድስት ኪሎ ሳይሆን አራት ኪሎ ነበር፣ የሚመሩትም ካናዳዊው ጀስዊት ሉሲየን ማት ነበሩ። ይህን ለስድስት ኪሎ ልጆች መንገር ደስ ይላል።)

የፊደሉን ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ ግን እናነሳለን። ግቢው ከ1954 እስከ አብዮቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። አሁን «ኃይለ ሥላሴ»ን ጻፉ። ለ«ሃ» ስድስት አማራጭ አለን፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ለ«ስ» ሁለት፣ ለ«ሴ» ሁለት። ስድስት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት፣ 24! በመሐል ክፍተት ይኑር አይኑር የሚለውን ሳንጨምር። ፈላጊው በአንዱ ይጽፋል፣ ጽሑፉ በሌላው ተቀምጧል፣ «የለም» ይባላል። ከአራታችን አንዱ ሙሉ ቅዳሜውን ወደ ዋናው ገጽ የሚመሩ ርእሶች ሲከፍት ዋለ።

ታኅሣሥን ካነሳን አይቀር… ቀኖቹን በኛው አቆጣጠር ስንደረድራቸው በእንግሊዝኛው ያላየነው ነገር ብቅ አለ። በታኅሣሥ 1943 ኮሌጁ ሥራ ጀመረ። በታኅሣሥ 1953፣ በነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ሹማምንት ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1954 ያው ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ ግቢው ውስጥ አስከሬኑን ከብበው በነበሩ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኮሱ። በታኅሣሥ 1985፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ በኤርትራ ጉዳይ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ፤ በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በፈረንጅ ቢሆን ሰልፉ ጃንዋሪ 1993 ላይ ስለሚውል ይህ ረድፍ ይበተን ነበር። በነገራችን ላይ አረንጓዴው ሳሎን ያለበት ሕንፃ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ የንጉሡ መኝታ ቤትም ሙዚየሙ ውስጥ ይጎበኛል።

ይህን ሁሉ እናስገባው? አንድ አራሚ «የትምህርት ተቋም ገጽ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ስለ ፋኩልቲዎቹ ጻፉ» አለን። ስለ ፋኩልቲዎቹም ጻፍን። ግን መሞታቸውን አላወጣንም። መጽሐፍ አለና! የኖርዌይዋ ራንዲ ባልስቪክ በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተማሪዎች ያሳተመችው አለ፣ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም የ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ አለ።

«የታወቁ ምሩቃን» የሚለው ክፍል ደግሞ ዕድር ሆኖ ነበር፤ ሁሉም አጎቱን ያስመዘግባል። ያለ ምንጭ የገባውን ስናጠራ አንድ ነገር ታየን። ከዚህ ግቢ ስማቸው ገንኖ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመረቁም! ጥላሁን ግዛው አልተመረቀም። መለስ ዜናዊ ሕክምና ጀምረው አቋርጠው ነው በረሃ የገቡት። ስለዚህ ርእሱን «የታወቁ ተማሪዎች» አልነው። እስካሁን ማንም አልነካውም፤ ቆጥረን ካየነው ረጅሙ ሰላም ይሄ ነው።

ያላረፍንበት አንድ ጉዳይ ቀረ። የአንዳችን አጎት በ1962 ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበሩ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሰው ሲወድቅ አይተዋል፣ አጥር ዘለዋል፣ አንድ ጫማቸው እዚያው ቀርቷል። ሻይ እየጠጡ ከሁለት ሰዓት በላይ አወሩልን። ስንጽፍ ዋልን። መጨረሻ ላይ የእህታቸው ልጅ እንደ ምንም ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄን ግን ልናስገባው አንችልም።»

«ለምን?»

«ምንጭ ያስፈልገዋል።»

«ምንጩ እኔ ነኛ! ምን ዓይነት ምንጭ ነው የምትፈልጉት፣ የአምቦ ውሃ?»

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። መታተም እንዳለበት ስናስረዳቸው «መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ አጥሩን ዘሏል?» አሉን። ምን ይባላል? ሕጉ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ ያን ቀን እዚያ ነበርን ያሉ ሦስት ሰዎች አስከሬኑ የነበረበትን ቦታ በሦስት የተለያየ ጥግ አሳይተውናል፣ ሦስቱም ይምላሉ። የሟቾቹን ቁጥርም ከመጽሐፍ ስንጽፍ በየሳምንቱ አንድ ሰው ገብቶ በዜሮ ያባዛዋል። ሁሉም የሰማውን ቢጽፍ ገጹ የጠላ ቤት ወሬ ይሆናል። ግን ደግሞ ይህ ሕግ የተረቀቀው ጋዜጣው ሁሉን ነገር በየጠዋቱ መዝግቦ ለሚያድርበት አገር ነው። እዚህ ሰው ያየውን ይዞ ዝም ብሎ ኖሯል፤ የጻፈውንም በቀይ ሽብር ዘመን አቃጥሏል።

መውጫ እንዳለ ያሳየን አንድ መጽሐፍ ነው። የንቅናቄው የቀድሞ ተሳታፊዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የተነጋገሩት ተሰብስቦ በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያው የእማኝ ወሬ ነው፤ ግን ገጽ ቁጥር አለው! ይህን ለጋሼ ስንነግራቸው ትንሽ አሰቡና «ስንት ገጽ ቢሆን ነው የሚታተምልኝ?» አሉ። ባለ ስፒራል ደብተር ገዝተን ወሰድንላቸው፣ ሁለት ቢክ እስክሪብቶም ጨመርን።

ባለፈው እሑድ ጎራ ብለን ነበር። ገጽ 40 ደርሰዋል። አነበቡልን፤ ገና የአንደኛ ዓመቱን የምግብ አዳራሽ ወጥ እያሙ ናቸው።

«ጋሼ፣ ታኅሣሥስ?»

«ቆዩ እንጂ ልጆች፣ ገና ጥቅምት ነው» አሉን።